ትምህርት ሦስት፦ ህመም

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ብርድ ልብሶቹን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ጨረስኩ። የእማ ናቸው፣ ከቤት መውጣታቸውን ገና አላወቀችም። ድምፅ ለማፈን ከዚህ የተሻለ አቅም የለንም። ታች የኮሪደር ልማቱ ማሽን መንገዱን እየቆፈረ ነው፤ ብርድ ልብስ አይደለም ፍራሽ ብሰቅልበትም አይመለስም። ዛሬ "ሰውነት ማሟሟቅ" የሚለውን ት/ት ልንቀርጽ ነበር። የዛሬው አሰልጣኝ አንድ ቃል ሲል ማሽኑ ሁለት ይላል። ተውነው።

አንቺ ወረቀት፣ ዛሬ የምነግርሽ ግን ሌላ ነው።

ዮናታን (ከዚህ ወዲያ ዮ. ነው፣ ስሙን ሙሉውን ለመጻፍ ትዕግሥት የለኝም) እየሮጠ ደረጃውን ወጣ። ትልቅ ስም ተገኘ አለ። ዮ. ድረ ገጹን ይሠራል፣ እኔ እቀርጻለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። አሰልጣኞች፣ የስፖርተኛ ጉዳት የሚያክሙ ፊዚዮዎችና ዳኞች ባሉበት ሆነው በስልካቸው የሚማሩበት የቪዲዮ ት/ቤት። ፒያሳ ላይ ከፈረሳው በተረፈ አሮጌ ሕንፃ፣ ሁለት ክፍል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ተማሪው ግን ጥቂት። የታወቀ ሰው ካላስተማረ ማንም አይመዘገብም፤ አገሩን ታውቂዋለሽ። ዮ. ሲለማመጥ ከርሞ አንዱ እሺ አለው። ጋሽ ተፈራ። የሯጮች አሰልጣኝ።

ፊቴን አዙሬ የካሜራውን ሌንስ መጥረግ ጀመርኩ። ንጹሕ ነበር።

ጋሽ ተፈራ ማለት፣ ገና ልጅ ሆኜ፣ ቅልጥሜን አመመኝ ስለው ሩጪ ያለኝ ሰው ነው። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። ሮጥኩ። ሁለተኛ ወጣሁ። መስመሩን አልፌ ስወድቅ ስንጥቁ ስብራት ሆነ። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ብረት፣ ከዚያ እንደገና ሌላ ብረት፣ ከዚያ ቤት መቀመጥ። ሩጫ በዚያው ቀረ። ሊጠይቀኝ አልመጣም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እኔ አልረሳሁም፣ አንድ ቀን እንኳ።

ዮ. ይሄን አያውቅም። አልነገርኩትም። ይምጣ አልኩ። ይምጣልኝ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

መጣ። አላወቀኝም።

ስንት ዓመት በሕልሜ ስሰድበው የኖርኩት ሰውዬ እጄን ጨብጦ የካሜራዋ ልጅ አንቺ ነሽ ወይ አለኝና አልፎኝ ሄደ። እኔስ? እኔ ፋራዋ ገና በር ላይ ብቅ ሲል ብድግ አልኩ። ትልቅ ሰው ሲገባ መነሳትን እማ በኩርኩም ነው ያስተማረችኝ፤ ቂም አላስቀረውም። ቀኑን ሙሉ እርስዎ፣ እርስዎ ስል ዋልኩ። እዚህ ግን እሱ ነው። እሱ፣ እሱ፣ እሱ።

አርጅቷል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ቱታው ያው ነው። ማኪያቶ አስመጣንለት፤ ስኳሩን ሲያማስል ዓመት ይፈጅበታል። ማይኩን ደረቱ ላይ ሳስርለት ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ዮ. በርዷት ነው ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ጸሎት ቤት ያደገ ልጅ፣ ክፋት ቶሎ አይታየውም።

የሚያስተምራቸውን ርዕሶች ተነጋገርን። ሦስተኛው "ህመም" ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ዮ. ይሄንን እኮ ባለፈው የቀረጽናት ፊዚዮ አስተምራዋለች፣ ምን ያስደግመናል አለ። ከአሰልጣኝ ዓይን እንየው አልኩ። ጋሽ ተፈራ ደስ አለው። ስለ ህመም የሚናገረው ብዙ ነገር እንዳለው ነገረን። ይጠፋኛል እንዴ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ት/ት ሦስት ተቀረጸ። ማሽኑ እንኳ ዛሬ ዝም ብሎ አዳመጠ።

አልተለወጠም። ቃል በቃል ያው ነው። ህመም ውሸታም ነው አለ። ሯጭ ህመሙን ማመን የጀመረ ቀን ሯጭነቱ አበቃ አለ። በተለይ የቅልጥም ህመም የስንፍና ዘመድ ናት፣ ስትሮጥባት ትተዋለች አለ። እኔ ከካሜራው ጀርባ ሆኜ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ከዚያ ምሳሌ ልስጣችሁ አለ። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ በውድድሩ ዋዜማ እግሬን እያለች ስታለቅስ አደረች፣ እኔ ግን አላዘንኩላትም፣ ጠዋት ጫማዋን አስሬላት አስገባኋት፣ ሁለተኛ ወጣች። አለቀ። ታሪኩ እዚያ ላይ አለቀ። ስሟን አልጠራም። እኔን ነው፣ ይገባሻል? እኔን፣ ዓይኔን እያየ፣ ለእኔው ይተርከኛል። የወደቅኩትን የለም። ሆስፒታሉ የለም። እማ እግሬን ታቅፋ ያደረችባቸው ሌሊቶች የሉም።

ደሜ ፈላ። ግን ምን ብል ጥሩ ነው? ጋሼ፣ መብራቱ ትንሽ ጠቆረብን፣ እባክዎ ያቺን ታሪክ ይድገሙልኝ። መብራቱ ምንም አልሆነም ነበር። ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በለጠ፣ እጁን ሳይቀር እያወራጨ። ሲጨርስ ተባረኪ ልጄ፣ ጎበዝ ባለሙያ ነሽ አለኝ።

አሜን አልኩ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ቆረጣ ላይ ነን። ዮ. ት/ት ሦስትን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። የፊዚዮዋ ት/ት ደጋግሞ የሚያመው የሯጭ ቅልጥም እስኪመረመር አይሮጥበትም ይላል፣ ይሄ ሩጡበት ይላል፣ አንዱ ውሸት ነው አለ። እንሰርዘው፣ ወይም ጋሼን ጠርተን ያስተካክሉት አለ።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ አልኩት። ሱሪዬን ከፍ አድርጌ ጠባሳውን አሳየሁት።

ኮምፒውተሩን ከደነ። ከዚያ እንደ ልማዱ ለጌታ ስጪው አለኝ። እሰጠዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ለአሰልጣኞቹ ልስጠው አልኩ።

ዕቅዴ ይሄ ነው። አንድ ቃል አልቆርጥም። እንዳለ ይወጣል። ከሥሩ የፊዚዮዋን ት/ት አስቀምጣለሁ፣ ያየ ሁሉ ያነጻጽር። አስተያየት መስጫውን እከፍተዋለሁ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ስድብ የለ፣ ክስ የለ። የገዛ አፉ ነው። አገር ያከበረው ሰውዬ በሙያው ልጆች ፊት ራቁቱን ይቁም። ብድሬን እንዲህ ነው የምመልሰው።

ዮ. አንድ ነገር ጠየቀኝ። ቢያምኑትስ? አለ። ሳቅኩበት። ዲግሪ የያዙ ሰዎች ናቸው እኮ፣ የስፖርት ሳይንስ ያነበቡ። እሱ ያሰበው እንደ ጉባኤያቸው፣ የተሰበከ ሁሉ ሃሌሉያ የሚባልበት ነው። ይሄንንም ነገርኩት። ቅር አለው መሰለኝ፣ ምሳ ሳይበላ ነበር፣ ሳይበላ ወጣ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ለቀቅኩት።

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካፌ ቁጭ ብዬ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ውጪ ታክሲ ይጮሃል፣ ሸቀጥ ይጠራል፣ ሰው ይገፋፋል። እኔ ግን ሰርግ የተጠራሁ ነው የሚመስለኝ። ሻይዬ ቀዘቀዘ፣ ሌላ አዘዝኩ። ዛሬ ቀለበት ቢሰጡኝም ደስታዬ ከዚህ አይበልጥም።

ማን ይጀምረው ይሆን? ከተማሪዎቻችን ያ ነገረኛው የፊዚዮ ልጅ ነው የሚሆነው። ወይ የተመዘገበው የዩኒቨርሲቲ መምህር። ቆይ ብቻ። ቆይ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ወርቅ የሆነ ቃል።

ጋሼ፣ ከእግርዎ ሥር ቁጭ ብለን ብንማር አይጠገብም።

እንዲህ ነው አስተያየቱ። ወደ ታች ብትወርጂ ያው፣ ብትወርጂ ያው። የተጋጠሙ እጆች፣ ልብ፣ አበባ። ነገረኛው ልጅ እንኳ ምን ጻፈ? "ትልቅ ትምህርት ነው።" እኔ የማውቀው ያ አፈ ጦር! አንድ ወጣት አሰልጣኝ ብቻ "ግን ጋሼ፣ የፊዚዮዋ ትምህርት ላይ…" ብሎ ጀምሮ ነበር። ማኪያቶዬን እስክጠጣ አጠፋው። በምትኩ ይቅርታ ጋሼ፣ ለመማር ያህል ነው ብሎ ጻፈ።

እጄን ልበላው ነው። ምን ነክቶኝ ነው? እኔ ራሴ፣ የምጠላው እኔ ራሴ፣ በር ላይ ሳየው ብድግ ያልኩለትን ሰው፣ ሌላው በአደባባይ ተሳስተዋል ይለዋል ብዬ እንዴት አሰብኩ? እኛ ትልቅ ሰው ሲሳሳት አንገታችንን ደፍተን እናዳምጣለን፣ ከዚያ ደጅ ወጥተን እናማለን። ሐሜቱ ደግሞ በአስተያየት መስጫ አይጻፍም። ዲግሪውም ይሄንን አያስለቅቅም። ይሄንን የፒያሳ ሕፃን ያውቀዋል። እኔን ቂሙ ነው ያሳወረኝ።

ተመዝጋቢው ጎረፈ። ዮ. መደሰቱን እየደበቀ ይደሰታል። ብሶ ብሶ ጋሽ ተፈራ ደወለልኝ። ስልኩ ሲጮህ የኖረው በምስጋና እንደሆነ ነገረኝ። አንቺ ልጅ እጅሽ ብሩክ ነው አለኝ። ልሰብረው ብዬ ሐውልት አቆምኩለት።

እማ ለምን ምሳ አልበላሽም አለች። አሞኝ ነው አልኩ። አብሽሪ አለችኝ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ልጻፈው። ሌላ የምነግረው የለኝም።

ድረ ገጻችን ላይ አሰልጣኞቹ የተማሩትን ሜዳ ላይ ሲሞክሩ ቀርጸው የሚልኩበት ቦታ አለ። የዮ. ሐሳብ ነው፣ ጥሩ ሐሳብ። ዛሬ አንድ ቪዲዮ ገባ። በላይነህ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ፣ ከከተማ ውጭ ካለ የታዳጊዎች ካምፕ። በት/ት ሦስት መሠረት ብሎ ይጀምራል። ዘነበች የምትባል ልጅ ያሳያል። ቅልጥሟን እያመማት ሳምንት ልምምድ አቋርጣ ነበር፤ አሁን የጋሽ ተፈራን ቪዲዮ አሳይቻት ጀግና ሆናለች፣ እሑድ ትወዳደራለች ይላል።

ልጅቷ ትሮጣለች። ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ግራ እግሯን ስታሳርፍ ትሰርቃለች፤ ጣቷን አስቀድማ ተረከዟን ታዘገያለች፣ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ያንን አሯሯጥ ማንም ላያየው ይችላል። እኔ አውቀዋለሁ፣ ሮጬበታለሁ። ወደ ካሜራው ስትደርስ ሳቀች። የኩራት ሳቅ።

እኔ ነኝ ያሳየኋት። በላይነህ አይደለም፣ ጋሽ ተፈራም አይደለም። ውሸት መሆኑን በአጥንቴ አውቄ፣ መብራቱ ጠቆረ ብዬ አስደግሜ፣ በጥሩ ድምፅ፣ በጥሩ ምስል።

ት/ቱን ከድረ ገጹ አጠፋሁት። ዮ. ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ሰዎች ቀድመው ስልካቸው ላይ ጭነው በቴሌግራም ተቀባብለውታል።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

በላይነህ ጋ ደወልኩ። ጨዋ ልጅ ነው፣ እህቴ እያለ ያዋራኛል። ልጅቷን አስቁማት፣ ሐኪም ይያት አልኩ። ሳቀ። ጋሽ ተፈራ ካሉኝ አቆማለሁ አለ። አንቺ ማን ነሽና ማለቱ ነው፣ በጨዋ ደንብ።

ስለዚህ ሄድኩ። ወደ እሱ። በእግሬ፣ ቁልቁል ወርጄ፣ አራት ኪሎ ጓደኞቹ ጋ ጋዜጣ እያነበበ የሚውልበት ካፌ። መንገዱን ሙሉ ልመናውን ተለማመድኩ፣ ምላሴ ግን ስድብ ስድብ ይለዋል። ለብቻዎ ላነጋግርዎት አልኩት። ተነስቶ ከጓደኞቹ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ አልኩት። መነጽሩን አደረገ። አየኝ፣ አየኝ። ሰሚራ አለ። ስሜን ያውቀዋል። ሁለተኛ የወጣችው ሰሚራ አለ። የት ጠፋሽ? አግብታ ሩጫ ተወች ብዬ ነበር አለኝ። ማን ነገረዎት አልኩ። ማንም አልነገረውም። ለራሱ የሚመቸውን ገምቶ ኖረ።

ስለ ብረቱ ስነግረው እጁ ማንኪያው ላይ ቀረ። ለበላይነህ ይደውሉለት አልኩ። ሜዳ ላይ ያለ አሰልጣኝ ልጁን ያውቃል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አላዝዝም አለ። ለመንኩት። ተይው ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቃሌን ባጥፍ ማን ይሰማኛል አለ። ለመንኩት፣ ወረቀት፣ እኔ እሱን ለመንኩት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አሁንም ያምሻል ወይ አለኝ።

ህመም ውሸታም ነው ጋሼ፣ አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ጓደኞቹ ፊት፣ አራት ኪሎ መሐል፣ ስንት ዓመት ስመኘው የነበረው ነገር ሆነ። አንጀቴ ይርሳል ብዬ ነበር። አልራሰም። ልጅቷ እሑድ ትሮጣለች። እሱ ስልኩን አንስቶ አልደወለም።

ይቅር አላልኩትም። ይሄን ያዢልኝ። ነገ ሳነብብሽ ያኔ ለስልሼ ነበር እንዳልል።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

እንደገና በላይነህ። ዛሬ አልለመንኩም። ጋሽ ተፈራ በቪዲዮው የሚተርካት ልጅ እኔ ነኝ አልኩት። መስመሩን አልፌ የሆንኩትን ነገርኩት። ሐኪሙ ያለኝን፣ ብረቱን፣ ዛሬ ደረጃ እንዴት እንደምወጣ።

ከኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። አንዷ ዘነበች ትሆናለች። ከዚያ ጠየቀኝ፣ ቁጣ እንኳ የለበትም፣ ስላልገባው ነው የጠየቀው፦ ታዲያ እህቴ፣ ለምን ለቀቅሽው?

ምን ልበለው። ቴክኒክ ስህተት ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሌላ ሰውዬ ላዋርድ ብዬ ነው ይባላል? ለማያውቀኝ ሰው? አልመለስኩም። እሱም አላስጨነቀኝም። የሚለው እንዲህ ነው፦ ኃላፊዎቹ የጋሽ ተፈራን ቪዲዮ አይተዋል፣ ወላጆቿም አይተዋል፣ እሷ ራሷ እያለቀሰች አስገቡኝ ትላለች። በስልክ የመጣች ሴት እንዲህ አለች ብዬ የማንንም አፍ አልይዝም። ቪዲዮ ከሆነ ግን አሳያቸዋለሁ። እስከ ማታ ከደረሰልኝ።

ለዮ. ነገርኩት። ለጌታ ስጪው አላለም። ካሜራውን አወጣ።

ፊዚዮዋን እናስጠራ አለ። አይሆንም፣ እሷ ተናግራለች፣ ማንም አልሰማት። ስለ ህመም ብቻ ተናገሪ፣ ስለ ቂሙ ምን አስለፈለፈሽ አለ። እውነቱን ነው። ሥራችን ይፈርሳል፤ አውቀው የተሳሳተ ት/ት ለቀቁ ከተባለ ማን ይማርብናል። ግማሹ የእሱ ላብ ነው። ግን አድማጮቹ የበላይነህን ጥያቄ ይጠይቃሉ። ካልመለስኩት በጋሽ ተፈራ የምትቀና ሴት ነች ብለው ያልፉኛል። ይሄን ስነግረው ተቀመጠ፣ ራሱን በእጁ ያዘ። ቆይቶ ተነሳና መብራቱን ሰካ። እሺ አለ።

የጋሽ ተፈራን ስም እጠራለሁ። አልምረውም። በቪዲዮው አይቶ ይወቀው፣ ጓደኞቹም ይዩት፣ ጋዜጣውን ጥለው ይዩት። ግን ከእሱ ስም በፊት መጠራት ያለበት የእኔ ስም ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ስሟገት አረፈድኩ።

ዮ. እየጠራኝ ነው። መብራት ሳይጠፋ ይላል። የምለውን ልጻፍና ልግባ፣ ካልጻፍኩት እሸሸዋለሁ፦

ሰሚራ እባላለሁ። ዘነበች፣ ለአንቺ ነው የምናገረው። ያሳዩሽ ትምህርት ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። የለቀቅኩትም